ሁለት ጊዜ ወንዝ የገባው አውሮፕላን፦ የአንድ ያልተሳካ ፕሮጀክት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ከ1903 በፊት ለመብረር የተሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ መሳቂያ ናቸው። አንዱ ክንፉን ያርገበግባል። ሌላው ክንፍ በክንፍ ላይ ይደረድራል። ለምን እንዳልበረሩ ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ይህኛው ግን ከእነዚያ ይለያል። በጀት ነበረው። በአገሩ ካሉ ስመ ጥር ሳይንቲስቶች አንዱ ይመሩታል። ለክብደቱ በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሞተር ተገጥሞለታል። ከጀርባው ከ15 ዓመት በላይ የተደከመበት ጥናት አለ። ትንንሽ ሞዴሎቹ በርረዋል፤ ፎቶውም አለ። ሰው ሲሳፈርበት ግን ሁለት ጊዜ ተሞከረ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዋሽንግተን አቅራቢያ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው "ባለ ገንዘቡና ባለ ማዕረጉ ከሸፈ፣ ሁለት ብስክሌት ሠሪዎች በለጡት" ተብሎ ነው። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ብዙም አይጠቅምም። ሊጠና የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ብልህና ታታሪ የሆነ ቡድን፣ በየደረጃው ትክክል የሚመስል ውሳኔ እየወሰነ፣ እንዴት እዚያ ወንዝ ውስጥ ይደርሳል?

በጉዳይ ጥናት ልማድ ሰዎቹን በስማቸው ሳይሆን በሥራ ድርሻቸው እጠራቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

የፕሮጀክቱ መሪ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። ፒትስበርግ አጠገብ የሚገኘውን የአሌጌኒ ኦብዘርቫቶሪ፣ ማለትም የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ፣ ለብዙ ዓመታት መርተዋል። ከፀሐይ የሚመጣን እጅግ ትንሽ ሙቀት የሚለካውን ቦሎሜትር የተባለ መሣሪያ የፈለሰፉትም እሳቸው ናቸው። በ1887 ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የምርምርና የሙዚየም ተቋም ዋና ጸሐፊ፣ ማለትም የተቋሙ የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ሰውየው የመለካት ሰው ነበሩ። ይህ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

የበረራ ጥናታቸው የተጀመረው በሚሽከረከር ክንድ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 18 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክንድ በእንፋሎት ሞተር ይሽከረከራል። ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ዝርግ ነገር ይታሰራል፤ ቆዳው ተሞልቶ የደረቀ ትልቅ ወፍ የታሰረበት ጊዜም አለ። ከዚያ አየሩ ምን ያህል እንደሚያነሳው ይለካል። ውጤቱን በ1891 አሳተሙት። ከአየር የከበደ ነገር በዘመኑ ሊገኝ በሚችል ሞተር መብረር ይችላል ብለው ጻፉ። ያኔ ስለ በረራ በቁም ነገር የሚያወራ ሰው እንደ ቅዠታም ይታይ ነበር። እንደሳቸው ያለ የተከበረ ሰው ይህን በፊርማው ማውጣቱ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ቀጥለው ሞዴል ወደ መሥራት ገቡ። የመጀመሪያዎቹ በእንፋሎት የሚሠሩ ሞዴሎች አልሆኑም። አንዳንዱ ከባድ ሆነ፣ አንዳንዱ ጉልበት አጠረው፣ አንዳንዱ ገና ሲነሳ ተጣመመ። ሰውየው ግን አልተዉትም። ሜይ 6 ቀን 1896 ቁጥር 5 የተባለው ሞዴል ከአንድ የቤት ጀልባ ጣሪያ ላይ ተወንጭፎ ፖቶማክ ወንዝ ላይ በረረ። በመጀመሪያው በረራ 1,000 ሜትር ገደማ፣ በሁለተኛው 700 ሜትር ገደማ ሄደ። ሰው አልያዘም፤ ክብደቱ ከ15 ኪሎ አይበልጥም። እየዞረ ከፍ አለ፣ እንፋሎቱ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ውሃው ላይ አረፈ። ስልክን በመፈልሰፍ የሚታወቀው ወዳጃቸው ቦታው ላይ ነበር፤ ፎቶውን ያነሳው እሱ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ቁጥር 6 ከ1,400 ሜትር በላይ በረረ።

እስከዚያ ቀን ድረስ በሞተር የሚሠራ፣ ይህን ያህል ትልቅና ከአየር የከበደ ነገር እንዲህ ርቆ በርሮ አያውቅም። ፕሮጀክቱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምናነበው የድል ታሪክ ነበር። መሪው ራሳቸው የእኔ ድርሻ መቻሉን ማሳየት ነበር፣ ቀሪውን ሌሎች ይቀጥሉበት ብለው ነበር።

ችግሩ

በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ጦርነት ገጠመች። የጦር መሥሪያ ቤቱ የሞዴሎቹን ወሬ ሰምቷል፤ ፎቶውንም አይቷል። ሰው ተሳፍሮበት ጠላትን ከላይ የሚያይ መሣሪያ ፈለገ። 50,000 ዶላር ተፈቀደ። ስሚዝሶኒያን በበኩሉ ወደ 20,000 ዶላር ጨመረ። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ጥያቄው ለቡድኑ ግልጽ መሰለው። ሞዴሉ በርሯል። ስለዚህ ሰው ለመሸከም የሚበቃ ትልቅ ሞዴል መሥራት ነው። ትልቁን ለማንቀሳቀስ ብርቱና ቀላል ሞተር ያስፈልጋል። ሞተሩ ከተገኘ ነገሩ አለቀ።

በእኔ አስተያየት ፕሮጀክቱ የተሰናከለው እዚሁ ላይ ነው፤ ወንዙ ላይ የሆነው ውጤቱ ብቻ ነው። ሞዴል አብራሪ የለውም። ነፋስ ቢያዘነብለው በክንፎቹ አቀማመጥ ራሱን ያስተካክላል፣ ካልሆነለትም ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ የሚጎዳ ሰው የለም። ሰው ሲገባበት ጥያቄው ይለወጣል። አየር ላይ ሲያዘነብል ማን ያቃናዋል? በምን? ያ ሰውስ ይህን የት ተማረ? እነዚህ ጥያቄዎች በፕሮጀክቱ ዕቅድ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ሥራዎች ሆነው አልተያዙም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሄደው ወደ ሞተሩ ነው። በ1898 መጨረሻ ኒው ዮርክ ካለ አንድ ሞተር ሠሪ ጋር ውል ተፈረመ። 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በጥቂት ወራት ውስጥ ሊያስረክብ ተስማማ። ሠሪው ችሎታ ያለው ሰው ነበር። ሲሊንደሮቹን በክብ ደርድሮ ሞተሩ ራሱ እንዲሽከረከር ያደረገበት ሐሳብም አዲስ ነው። ጉልበቱ ግን ከ8 ገደማ አላልፍ አለ። ወራቱ ዓመት ሆኑ። ሰውየው በገንዘብም ተጎዳ። በ1900 ቡድኑ አውሮፓ ድረስ ሄዶ የታወቁ ሞተር ሠሪዎችን ጠየቀ። በዚህ ክብደት ይህን ጉልበት ማውጣት አይቻልም ተባለ።

ያኔ ነው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሮ የመጣው ወጣት ረዳት ሥራውን በእጁ ያስገባው። የሚሽከረከረውን ሞተር አቆመው። አምስቱን ሲሊንደሮች እንደ ኮከብ ዙሪያውን ደረደራቸው፤ በውሃ እንዲቀዘቅዙም አደረገ። ውጤቱ 52 የፈረስ ጉልበት ሆነ፤ ክብደቱ ከማቀዝቀዣ ውሃው ጋር ወደ 94 ኪሎ ነው። ንጽጽሩን ልብ በሉ። ኋላ የበረሩት የሁለቱ ብስክሌት ሠሪ ወንድማማቾች ሞተር 80 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ጉልበቱ ግን 12 ብቻ ነው። ይህ ወጣት የሠራው ሞተር በዚያ ዘመን ተአምር ነው ቢባል አልተጋነነም።

ጎን ለጎን የመሣሪያው አንድ አራተኛ የሚሆን በቤንዚን የሚሠራ ሞዴል ተሠራ። በጁን 1901 በረረ፤ ቤንዚን ያበረረው ከአየር የከበደ የመጀመሪያው መሣሪያ እሱ ነው። ኦገስት 8 ቀን 1903 የተሻለ ሞተር ተገጥሞለት በድጋሚ በረረ። ቡድኑ በዚህ ተማመነ።

ትልቁ መሣሪያ ኤሮድሮም ኤ ተባለ። ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ጥንድ ክንፍ አለው። በመካከላቸው ሁለት ፕሮፔለሮች አሉ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 14.8 ሜትር ይሆናል። አብራሪው ሲሳፈርበት 340 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የሚነሳው እንደ ሞዴሎቹ ከቤት ጀልባ ጣሪያ ላይ በብርቱ ሞላ ተወንጭፎ ነው። ጎማም ሆነ ማረፊያ እግር የለውም፤ ማረፍ ማለት ውሃ ላይ መውረድ ነው።

አብራሪው ያ ሞተሩን የሠራ ወጣት ኢንጂነር ሆነ። በሕይወቱ በርሮ አያውቅም። ሞተር በሌለው ተንሸራታች እንኳ አየር ላይ ተንሳፍፎ አያውቅም።

ሁለቱ ቀኖች

በ1903 በጋ የቤት ጀልባው ቨርጂኒያ ውስጥ ዋይድዋተር የሚባል ቦታ አጠገብ ቆመ። ጋዜጠኞች ወንዙ ዳር ሰፍረው ይጠብቃሉ። ቡድኑ ግን ምንም አይነግራቸውም። ዝግጅቱ በማዕበልና በፕሮፔለር መሰበር ደጋግሞ ተቋረጠ። ጋዜጠኞቹ በትንኝ እየተበሉ ሳምንታት አሳለፉ። በዝምታው የተናደደ ጋዜጠኛ በኋላ የጻፈውን ስናነብ ይህንንም ማስታወስ አለብን።

ኦክቶበር 7 ቀን ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሠራ። ማስወንጨፊያው ተለቀቀ። መሣሪያው ከሐዲዱ ጫፍ ሲለቅ አፍንጫው ወደ ታች ዞረ፤ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። አንድ የዋሽንግተን ጋዜጠኛ አወዳደቁን ከእፍኝ ጭቃ ጋር አመሳሰለው። ወጣቱ ሳይጎዳ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ኒው ዮርክ ታይምስ በርዕሰ አንቀጹ የሚበር መሣሪያ ለመሥራት ከአንድ ሚሊዮን እስከ አሥር ሚሊዮን ዓመት ሊወስድ ይችላል ብሎ ጻፈ።

ቡድኑ የደረሰበት ድምዳሜ ማስወንጨፊያው ከመሣሪያው ፊት ያለውን የሽቦ መወጠሪያ ዘንግ ጠልፎ ይዞታል የሚል ነው። በዚህ ግምት መሠረት መሣሪያው ራሱ ደህና ነው። ስለዚህ ጥገናው በነበረው ንድፍ ተካሄደ።

ገንዘቡ እያለቀ ነው፤ ክረምቱም ደርሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሁለተኛው ሙከራ ዲሴምበር 8 ቀን ሊመሽ ሲል ተደረገ። ቦታው እዚያው ዋሽንግተን ነው፤ አናኮስቲያ ወንዝ ከፖቶማክ የሚገናኝበት። ውሃው ላይ በረዶ ይንሳፈፋል። ነፋሱ ይለዋወጣል። ማስወንጨፊያው ተለቀቀ። በዚህ ጊዜ የኋላ ክንፎቹና ጭራው ተሰባበሩ። መሣሪያው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ ከቆመ በኋላ ተገልብጦ ወደቀ፤ ወጣቱም ከሥር ሆነ።

ቡሽ የተሰፋበት የሸራ ጃኬት ለብሶ ነበር። እንዲንሳፈፍ የታሰበው ጃኬት ከመሣሪያው ብረት ጋር ተያዘ። ከውሃ በታች ሆኖ ጃኬቱን ቀደደው፤ ከስብርባሪው ሥር ሾልኮ በበረዶው መካከል ብቅ አለ። ሰዎች ጎትተው አወጡት። ሕይወቱ ተረፈ፤ ፕሮጀክቱ ግን በቃ፣ አበቃ።

ይህ በሆነ በዘጠነኛው ቀን፣ ዲሴምበር 17፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኪቲ ሆክ አጠገብ በረሩ።

የሠራው

ሞተሩ ሠራ። በሁለቱም ቀን እስከ መጨረሻው ደቂቃ አልከዳም። ለፕሮጀክቱ ከወጣው ድካም በዚህ በኩል የባከነ የለም።

የሞዴሎቹ በረራም ሥራውን ሠርቷል። በሜይ 1899 ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቁ ለስሚዝሶኒያን ደብዳቤ ጽፎ ስለ በረራ የታተሙ ጽሑፎችን ጠየቀ። ተቋሙም ላከለት። እንዲህ ያለ ተቋም ኃላፊ የሰው ልጅ ይበርራል ብሎ ማመኑ ብርታት እንደሰጣቸው ወንድማማቾቹ በኋላ ተናግረዋል። የአየር ግፊትን የሚመለከተው የመሪው ልኬትም በወቅቱ ሁሉም ሰው ይጠቀምበት ከነበረው ከድሮው ቁጥር ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነበር። ወንድማማቾቹ በራሳቸው መንገድ ለክተው የደረሱበትም ከዚያው ጋር ይስማማል።

ያልሠራው

ከሁሉ በፊት የመጠን ነገር አለ። አንድ አራተኛ የሆነውን ሞዴል በሁሉም በኩል አራት ጊዜ ስናሳድገው የክንፉ ስፋት 16 ጊዜ ያድጋል። ክብደቱ ግን በዚያው አሠራር ከሆነ 64 ጊዜ ያድጋል። ስለዚህ ትልቁን ለማቅለል ሁሉም ነገር መቅጠን ነበረበት። ቀጭን ክንፍ ደግሞ በፍጥነት ሲሄድ ይጣመማል። አየሩ የክንፉን ጠርዝ ትንሽ ሲያዞረው የበለጠ አየር ይይዛል፤ የበለጠ አየር ሲይዝ የበለጠ ይዞራል፤ በመጨረሻ ይሰበራል። በሞዴሉ ላይ ይህ አልታየም፤ ሞዴሉ ለመጠኑ ጠንካራ ነበርና። ስለ መሰበሩ በኋላ ያጠኑ መሐንዲሶች ብዙዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት ወደ ማስወንጨፊያው ሳይሆን ወደዚህ ድክመት ነው።

ሁለተኛው የቁጥጥር ነገር ነው። ጭራው አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። ከሥር ትንሽ መሪ አለ። መሣሪያው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ቢያዘነብል ግን አብራሪው የሚያደርገው ነገር የለም። ክንፎቹ ጫፋቸው ወደ ላይ የቀና ስለሆነ ራሱን ያቃናል ተብሎ ታስቧል። ለሞዴል ይበቃል። ለሰው ግን አይበቃም። መሣሪያው ከማስወንጨፊያው በደህና ተነስቶ ቢሆን እንኳ ይህ ወጣት ያለ ምንም ልምድ፣ ያለ በቂ መሪ፣ ወንዝ ላይ ምን ያደርግ ነበር? ስለዚህ ቀን ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

አብራሪው የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ከክንፎቹ በታች ነው። መሣሪያው የሚያርፈው ውሃ ላይ ነው። ማለትም ሙከራው ያለምንም ችግር ቢጠናቀቅ እንኳ መጀመሪያ ውሃ የሚገባው አብራሪው ነው። ይህን ንድፍ ያየ አንድ ሰው "አብራሪው እንዴት ይወርዳል?" ብሎ አንድ ጊዜ አጥብቆ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሙከራው አካሄድ ግን ከንድፉም ይብሳል። ትልቁ መሣሪያ፣ ማስወንጨፉ፣ የክንፎቹ ጥንካሬ፣ የአብራሪው ችሎታ፣ ሁሉም ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑት በአንድ ቅጽበት ነው። ሲወድቅ የትኛው እንደወደቀ ማንም ማወቅ አልቻለም። በኦክቶበር የተባለው "ማስወንጨፊያው ነው" የሚለው ግምት ሊፈተን የሚችልበት ሌላ መንገድ አልነበረም። ክንፎቹን አሸዋ ጭኖ መሬት ላይ ብቻ መፈተን ሳይሆን አየር ላይ፣ ሰው ይዞ፣ በዝቅታና በዝግታ መሞከር ያስፈልግ ነበር። ለዚያ ደግሞ መሣሪያው የተሠራበት መንገድ በር አይከፍትም። ወይ ይወነጨፋል፣ ወይ ይቀመጣል።

ኦሃዮ ውስጥ በዚያው ጊዜ

ለንጽጽር የሚሆነን ኦሃዮ ይኖሩ የነበሩት የሁለቱ ወንድማማቾች መንገድ ነው። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ወጪያቸው በሙሉ ከ1,000 ዶላር በታች እንደነበር ይነገራል። ልዩነቱን ያመጣው ግን የጀመሩበት ጥያቄ ነው። ብስክሌት የሚሠራ ሰው ሚዛን የሚጠበቀው በነጂው እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ከሞተር አልጀመሩም። ከሚዛን ጀመሩ።

በ1899 ክንፉ የሚጠማዘዝ ካይት ሠርተው ሐሳባቸውን ፈተኑ። ከ1900 ጀምሮ በየዓመቱ ሞተር የሌለው ተንሸራታች እየሠሩ ነፋስና አሸዋ ወደ ሞላበት ቦታ ይሄዱ ነበር። የ1901ዱ አላረካቸውም። ተመልሰው ማራገቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን ሠሩና 200 ያህል የክንፍ ቅርጾችን ለኩ። በ1902 በተሻለው ተንሸራታች በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉዞዎች አደረጉ። ሞተሩ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የማያስታውሳት አንዲት ቀን አለች። ዲሴምበር 14 ቀን 1903 ወንድማማቾቹ ሞተር በገጠሙለት አውሮፕላን ሞክረው አልተሳካም። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና፣ ከሦስት ሰከንድ ተኩል በኋላ አሸዋው ላይ ወደቀ። ጥቂት እንጨት ተሰበረ። ጠገኑት። ከሦስት ቀን በኋላ በመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ፣ በአራተኛው 59 ሰከንድ አየር ላይ ቆዩ፤ 260 ሜትር ሄዱ።

እነሱም ወድቀዋል ማለት ነው። ውድቀታቸው ግን አሸዋ ላይ፣ ከትንሽ ከፍታ፣ ምክንያቱ በሚታወቅበት ሁኔታ ነው የሆነው፤ ጥገናውም ሁለት ቀን ፈጀ። የዋሽንግተኑ ውድቀት ወራትና የቀረውን ገንዘብ በላ።

በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ

የምክር ቤት አባላትና ጋዜጦች መሪውን አላገጡባቸው። በ1906 አረፉ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

በ1914 ስሚዝሶኒያን መሣሪያው ከወንድማማቾቹ ጋር በፓተንት (በፈጠራ መብት) ክስ ላይ ለነበረ አንድ አውሮፕላን ሠሪ እንዲሰጥ ፈቀደ። እሱም ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሐመንድስፖርት አጠገብ ሐይቅ ላይ ለአጭር ርቀት ከውሃ አስነሳው። ከዚያ በፊት ግን ክንፉን፣ መወጠሪያውን፣ መቆጣጠሪያውን ለውጦታል፤ ለውሃ ማረፊያም ተንሳፋፊ ገጥሞለታል። ተቋሙ ግን "ሰው ተሸክሞ መብረር የሚችል የመጀመሪያው አውሮፕላን" ብሎ ለሕዝብ አሳየው። በሕይወት የነበረው ታናሽ ወንድም ተቆጣ። የ1903 አውሮፕላኑን በ1928 ወደ ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ላከው። ተቋሙ በ1942 ከ30 በላይ የሆኑትን ለውጦች ዘርዝሮ አወጣና ቃሉን አነሳ። አውሮፕላኑ ወደ አገሩ የገባው በ1948 ነው፤ ያኔ ታናሹ ወንድም ሞቷል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ዋናው ነገር የሚለካው ጥያቄ የማይለካውን እንዴት እንደሚሸፍነው ነው። የፈረስ ጉልበት ይለካል። ኪሎ ይለካል። በየሳምንቱ ሪፖርት ይደረግበታል፣ ቁጥሩ ሲያድግ ሁሉም ደስ ይለዋል። "አብራሪው ያቃናዋል ወይ?" የሚለው ግን ቁጥር አልነበረውም። አምስት ዓመት ሙሉ ፕሮጀክቱ ወደፊት የሄደ የመሰለው በሚለካው በኩል ስለሄደ ነው። ዕቅድ ስንገመግም በቁጥር የተሞላውን ገጽ ብቻ ሳይሆን ባዶ የሆነውንም መጠየቅ አለብን። ይህን ስል መለካትን ማቃለሌ አይደለም። ወንድማማቾቹም ለክተዋል፤ እንዲያውም በጣም በጥንቃቄ።

የሙከራ ፕሮጀክት ተሳካ ማለት ትልቁ ይሳካል ማለት አይደለም። ይህ እኛም አገር በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ነው። በአንድ ቀበሌ የተሳካ ሥራ በክልል ደረጃ ይስፋፋ ይባላል። በቀበሌው ግን ሥራውን የያዘው አንድ ትጉ ሰው፣ ቅርብ ክትትልና ትርፍ በጀት ነበር። ሲሰፋ እነዚህ አብረው አያድጉም። መጠየቅ ያለበት "ሠርቷል ወይ?" ብቻ አይደለም። "ሲያድግ የትኛው ክፍል ነው ቀድሞ የሚደክመው?" የሚለው ነው።

ሙከራ ሲነደፍ ደግሞ ከውድቀቱ ምን እንደምናውቅ አስቀድሞ መጻፍ ይጠቅማል። አንድ ነገር ብቻ የሚፈትን ትንሽ ሙከራ ቢከሽፍም መልስ ይሰጣል። አምስት አዲስ ነገሮችን በአንድ ጊዜ የሚፈትን ግን ሲከሽፍ ለክርክር ብቻ በር ይከፍታል። በክርክሩ ውስጥ ደግሞ ሁላችንም ለራሳችን የሚቀለውን ምክንያት እንመርጣለን። ቡድኑ ማስወንጨፊያውን የመረጠው ዋሽቶ አይደለም። ያ ምክንያት እውነት ከሆነ አምስት ዓመት የተለፋበት ንድፍ ይተርፋል። ስለዚህ ከውድቀት በኋላ መጀመሪያ የሚመጣልንን ምክንያት ከሥራው ውጭ ያለ ሰው ቢመረምረው መልካም ነው።

መሣሪያውን ተጠቅሞ የሚጎዳው ሰው በንድፉ ላይ ድምፅ ይኑረው እላለሁ። እዚህ ላይ አብራሪው ራሱ ኢንጂነር ነበር፤ ግን ሐሳቡ በሞተሩ ተይዞ ነበር። ሥራውን የሚሠራ እጅና አደጋውን የሚሸከም አካል አንድ ሲሆኑ ሰው ለራሱ ሳይከራከር ይቀራል። ይህ ብዙ ቦታ አጋጥሞ አይቼዋለሁ።

ገንዘብ የሚሰጠው አካልም ድርሻ አለው። የጦር መሥሪያ ቤቱ የከፈለው ለበረራ ነው። ለመማር የተመደበ ምዕራፍ አልነበረም። ገንዘቡ ሲያልቅ በክረምት፣ ሊመሽ ሲል፣ በሚለዋወጥ ነፋስ መሞከር የግድ ሆነ።

ኤሮድሮሙ ወደ 1903 ቅርጹ ተመልሶ ዛሬ ቨርጂኒያ ቻንቲሊ ውስጥ፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በስሚዝሶኒያን የኡድቫር ሄዚ ማዕከል ይገኛል። መግቢያው በነፃ ነው። በዚያ አካባቢ የምትኖሩ ብዙ አበሾች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ሦስት ነገር አሳዩአቸው። የክንፎቹን አጥንት ቅጥነት፣ የአምስቱን ሲሊንደሮች አደራደር፣ ከዚያ አብራሪው የተቀመጠበትን ቦታ። ልጆቹ የመጨረሻውን አይተው ምን እንደሚጠይቁ ስሙ።